ስለ አሸዋ ቆፋሪው ዓሣ

በመንዝ ደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው ስለ ዓሣ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ወደ ጀማና ወደ ወንጪት ቆላ ወርዶ የተመለሰ ካልሆነ በቀር፣ የሞላሌ ልጅ ዓሣን የሚያየው በመጽሐፍ ላይ ተሥሎ፣ ወይም አዲስ አበባ በሄደ ጊዜ በሳሕን ላይ ተጠብሶ ሲቀርብለት ነው። ስለ ፍልፈል ግን ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ አይገኝም። ሌሊቱን በመስኩ ላይ የአፈር ቁልል ሲደረድር የሚያድረውን፣ ከገብሱ ማሳ በታች መንገድ አውጥቶ ሥሩን የሚበላውን፣ ትናንት የተካበውን ካብ ከሥሩ ቦርቡሮ የሚያዘነብለውን ይህን እንስሳ ከሕፃንነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ዛሬ ለውድ አንባቢዎቻችን የምንጽፈው ስለ ባሕር ዓሣ ሲሆን ፍልፈልን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከባሕር ዓሦች መካከል የፍልፈልን ሥራ የሚሠሩ አሉና።

ከእኛ ዘንድ አድጎ፣ ሞላሌ ላይ ፊደል ቆጥሮ፣ አሁን በአሜሪካ በቨርጂኒያ በአሌክሳንድሪያ ከተማ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር የሚኖር የእኅታችን ልጅ አለ። ይህ ልጅ ከሥራ ሲመለስ ዐይኑን የሚያሳርፍበት ነገር ፈልጎ በቤቱ ውስጥ የባሕር ውሃ የሞላበት የመስተዋት ሣጥን አቆመ፤ ባለሙያዎቹ አኳሪየም የሚሉት ነው። ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 50፣ ቁመቱም 50 ሳንቲ ሜትር ነው። አሸዋውና ድንጋዩ የሚይዙትን ስፍራ ሳንቀንስ 300 ሊትር ይይዛል ማለት ነው፤ ይህን ሒሳብ ተማሪዎቻችን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሠርተውታል። የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለውና ሣጥኑ 10 ኪሎ ተኩል ጨው ጠጥቷል። ጨውም ቢሉ የወጥ ጨው አይደለም፤ ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ ሁሉ በባሕሩ ልክ ተመጥኖ የተቀመመ ነው። ውሃው ሲተን ጨው አብሮ አይተንም፤ ስለዚህ የጎደለው የሚሞላው ጨው በሌለበት ንጹሕ ውሃ ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው በየቀኑ የጨው ውሃ እየጨመረ ባሕሩን ወደ አሞሌ ይለውጠዋል።

ልጃችን ከሣጥኑ ወለል ላይ አምስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ነጭ አሸዋ አነጠፈ፤ በአሸዋውም ላይ ቀዳዳ የበዛባቸውን የባሕር ድንጋዮች እንደ ተራራ አድርጎ ደረደረ። ሚስቱም በበኩሏ ኮራል የሚባለውን፣ አበባ መስሎ የሚታየውን ነገር ግን እንስሳ የሆነውን የባሕር ፍጡር ገዝታ ከተራራው ግርጌ ከአሸዋው ላይ አስቀመጠች። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ አሸዋውን ቡናማ ልባጭ ሸፈነው። የዓሣ ሻጩም፣ «ለዚህ መድኀኒቱ አሸዋ አጽጂ ዓሣ ነው» ብሎ አንድ ጎቢ ሸጠለት። ስለ ምግቡና ስለ ጠባዩ ግን አንዳች አልነገረውም። ሻጭ ሁሉ ዕቃውን ያመሰግናልና በዚህ አንፈርድም፤ ቢሆንም ነፍስ ያለውን ፍጡር እንደ መጥረጊያ ቈጥሮ መሸጥ ደስ የሚያሰኝ ነገር አይደለም።

ዓሣው አንድ ስንዝር የማይሞላ፣ መልኩ ነጣ ያለ፣ ጎንና ጎኑ በብርቱካንማ ነጠብጣብ ያጌጠ ነው። የትውልድ አገሩ ከቀይ ባሕር ጀምሮ እስከ ሩቁ የፓስፊክ ደሴቶች ይደርሳል። አበላሉ ያስገርማል። አፉን ከፍቶ አሸዋውን ይዝቃል፤ በአፉም ውስጥ ያላውሰዋል፤ አሸዋውንም ስንጥብ በሚባለው መተንፈሻው በኩል በግራና በቀኝ ያዘንበዋል። በአሸዋው ውስጥ የነበሩትን ጥቃቅን ትሎችና ለዐይን የሚያዳግቱ ነፍሳት ግን በጕሮሮው ያስቀራል። ወንፊት ይዛ የምትነፋ ሴት ዱቄቱን አሳልፋ እንክርዳዱን እንደምታስቀር፣ እርሱም አሸዋውን አሳልፎ እህሉን ያስቀራል። ይህንንም ከንጋት እስከ ምሽት ያለ ዕረፍት ይሠራል።

በአንድ ሳምንት ውስጥ አሸዋው እንደ አዲስ ነጠላ ነጣ። ልጆቹም ደስ ብሏቸው ዓሣውን «ገበሬው» ብለው ስም አወጡለት። በሁለተኛው ሳምንት ገበሬው ከድንጋዮቹ ሥር ጕድጓድ ማሰ፤ ከጕድጓዱ ያወጣውንም አሸዋ ከኮራሉ ላይ ከመረው። የልጃችን ሚስት ኮራሉን አውጥታ አጠበችው፤ በማግሥቱ ተቀብሮ አገኘችው። በሦስተኛው ሳምንት ትልቁ ድንጋይ ከቦታው ሸሽቶ ወደ መስተዋቱ ዘንበል ብሎ ታየ።

እዚህ ላይ ነገሩ ከጨዋታ አለፈ። ቤታቸው በሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ድንጋዩ ወድቆ መስተዋቱን ቢሰብረው 300 ኪሎ የሚመዝን የጨው ውሃ በወለሉ ላይ ፈሶ ወደ ታችኛው ጎረቤት ይወርዳል፤ የኤሌክትሪኩም ገመድ በዚያው ሥር ነው። በዚያ ሌሊት ስልክ ተደወለልን። ልጁ፣ «ጋሼ፣ ዓሣው ቤቴን ሊያፈርስብኝ ነው፤ ምን ይሻለኛል?» አለን። ሚስቱም ስልኩን ተቀብላ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ይፍረዱን። ኮራሌን ስንት ጊዜ ከአሸዋ ውስጥ አውጥቼ እንዳጠብኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ይህ ዓሣ ወደ መጣበት ይመለስ» አለች። ከኋላ የልጆቹ ለቅሶ ይሰማ ነበር።

በባልና በሚስት መካከል ለሽምግልና የተቀመጥንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በሰውና በዓሣ መካከል ስንቀመጥ ግን ይህ የመጀመሪያችን ነበር። የመንዝ ሰው ሙግት ዐዋቂ ነው ይባላልና እኛም በሥርዓቱ ሄድን። ተከሳሹ ለምን እንደሚቆፍር ሳይታወቅ ፍርድ መስጠት አይገባም ብለን የሦስት ቀን ቀጠሮ ጠየቅን፤ እስከዚያው ድረስ ግን ያዘነበለውን ድንጋይ ዛሬውኑ አንሥቶ በባልዲ ውስጥ እንዲያስቀምጠው አዘዝነው። ልጁም ስለ እነዚህ ዓሦች የተጻፈውን ሁሉ ላከልንና ሌሊት ሌሊት አነበብን።

ያነበብነውም ይህ ነው። የባሕር ወለል ለብዙ ፍጥረት እርሻም ቤትም ነው። ጎቢው ምግቡን ከአሸዋው ውስጥ ይለቅማል፤ ጠላት ሲመጣበትም የሚገባበትን ዋሻ ከድንጋይ ሥር ይሠራል፤ እንቍላሉንም የሚጥለው በዚያው ነው። ዋሻ የሌለው ጎቢ በባሕር ውስጥ ዕድሜ የለውም። ከድንጋይ ሥር መቆፈሩም ተንኰል ሆኖ አይደለም፤ ጣሪያ የሌለው የአሸዋ ጕድጓድ ስለሚደረመስበት ጣሪያ መፈለጉ ነው። በአገራችን ሐይቆች ያለው ቆሮሶ እንኳ ከዚህ ጠባይ የራቀ አይደለም፤ ወንዱ በአፉ እየዛቀ በአሸዋው ላይ ክብ ጎድጓዳ ያበጃል፤ ሴቲቱም መጥታ በዚያ ከጣለች በኋላ እንቍላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። ይህን ዓሣ በጠባብ ሣጥን ያኖረ ሰው ሁሉ አሸዋው ሲገለባበጥ ያያል።

ከሁሉ ያስደነቀን ግን የሌላው የጎቢ ዘር ነገር ነው። ይህኛው ራሱ አይቆፍርም፤ የሚቆፍርለት ባልንጀራ አለው። ባልንጀራውም ዐይኑ እጅግ የደከመ ሽሪምፕ ነው። ሽሪምፑ እንደ አካፋ ባሉት እጆቹ ቀኑን ሙሉ አሸዋ እየገፋ ከጕድጓዱ ያወጣል፤ ዓሣው በደጃፉ ቆሞ ዘብ ይጠብቃል። ሽሪምፑ በወጣ ቍጥር ረጅም ጢሙን ከዓሣው ገላ ላይ አሳርፎ ይቆያል። ዓሣው አደጋ ያየ እንደ ሆነ ጅራቱን ያርገበግባል፤ ሽሪምፑም ወዲያው ይገባል፤ ዓሣውም ይከተለዋል። ዕውር መሪውን በትር እንደሚይዝ ያለ ነው። ሉተር የሚባል ጀርመናዊ ተመራማሪ ይህን ማኅበር በቀይ ባሕር ተመልክቶ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1958 አሳትሞታል፤ የጻፈበትም የሽሪምፕ ዘር በሳይንስ ስሙ በጅቡቲ የተሰየመ ነው። ከደጃችን ላይ የነበረውን ነገር ከሩቅ የመጣ ሰው ሲጽፈው ማንበብ ለመምህር ትንሽ ያሳፍራል።

በዚሁ ንባብ መካከል አንድ የምናውቀውን ስም አገኘን። ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው የፍራንክፈርት ሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1830ዎቹ በምጽዋ ገብቶ እስከ ጎንደር ተጕዞ ነበር። የቀይ ባሕርን ዓሦች እየመረመረ የጻፈው እርሱ ነው፤ ቀይ ቀበሮንና ጭላዳን በሳይንስ መዝገብ ያገባቸውም እርሱ ነው። ፍልፈላችንንም መዝግቦታል፤ ያወጣለትም የግሪክ ስም ታኪዮሪክቴስ ማለት «ፈጣን ቆፋሪ» ማለት ነው። መንዝን ሳይረግጥ የፍልፈልን ጠባይ በአንድ ቃል ጨርሶታል። ሩፔል የባሕሩንና የደጋውን ቆፋሪ አንድ ላይ አስቦ እንደ ሆነ አናውቅም፤ እኛ ግን ፍርዳችንን ያገኘነው ሁለቱን አንድ ላይ በማሰብ ነው።

የሞላሌ ካብ ሠሪ ፍልፈል ባለበት መሬት ላይ ሲክብ ፍልፈሉን ሲያባርር አይውልም፤ አያልቅለትምና። የሚያደርገው ምንድን ነው? ለስላሳውን አፈር ጠርጎ ከጠንካራው መሬት ይደርስና መሠረቱን ከዚያ ላይ ይጥላል። ትልልቁን ድንጋይ ከታች፣ ትንንሹን ከላይ ያደርጋል፤ ካቡም ከሥሩ ሰፊ ከጫፉ ጠባብ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ፍልፈል ቢቆፍር የሚቆፍረው ከካቡ አጠገብ እንጂ ከካቡ ሥር አይደለም። ልጃችን ግን ድንጋዩን የደረደረው በአሸዋው ላይ ነበር። ስለዚህ በቀጠሮው ቀን፣ «ዓሣው ይቀመጥ፤ ድንጋዩ ይነሣ» ብለን ፈረድን።

ሥራው አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጀ። በመጀመሪያ ዓሦቹን ከራሳቸው ውሃ ጋር በባልዲ አድርገው አየር የሚነፋውን መሣሪያ ከተቱበት። ድንጋዮቹን አወጡ። ትልቁ ድንጋይ በነበረበት ስፍራ አሸዋው ጠቍሮ፣ እንደ ገማ እንቍላል ሸተተ። ይህም ውሃ በማይዘዋወርበት አሸዋ ውስጥ አየር ሲያጥር የሚፈጠር መርዛም ጋዝ ነው። ዓሦቹ በውስጡ ሳሉ ይህን በአንድ ጊዜ ቢያተራምሱት ኖሮ ጕዳት ይደርስባቸው ነበር፤ የጠቈረውን እየዛቁ ጣሉት። የቀረውን አሸዋ ያለቀለቁት ከሣጥኑ በተቀዳ የጨው ውሃ ነው። በቧንቧ ውሃ ያጠበው ሰው በአሸዋው ውስጥ ያለውን ነፍስ ሁሉ ይፈጃል።

ከዚያም ክብደቱ በአንድ ነጥብ ላይ እንዳያርፍ ከመስተዋቱ ወለል ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ርብራብ አነጠፉ፤ ትልልቁንም ድንጋይ በቀጥታ ከዚያ ላይ አስቀመጡ። የላይኞቹን ለባሕር ፍጡር መርዝ በማይሆን ማጣበቂያ አያያዟቸው፤ በእጅ ነቅንቀውም ፈተኑ። አሸዋውን የመለሱት ከሁሉ በኋላ ነው። የአሸዋውም ቅንጣት የሚመረጠው እንደ ዓሣው አፍ ነው፤ እንደ ዱቄት የላመው ውሃውን ሲያደፈርስ ይኖራል፤ ሻካራና ወፍራም የሆነው ደግሞ አፉንና ስንጥቡን ያቈስለዋል። አንድ ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ ድቡልቡል ቅንጣት ይስማማዋል። ውሃ የሚያዞረውንም ሞተር ከአሸዋው ራቅ አድርገው ከፍ ብሎ እንዲሰቀል አደረጉ፤ አሸዋ የገባበት ሞተር ራሱን ፈጭቶ ይጨርሳልና። ጎቢ ሲደነግጥ ከውሃ ዘሎ ስለሚወጣ በሣጥኑ አፍ ላይ መረብ ተወጠረ።

ኮራሉ ከድንጋዩ ወገብ ላይ፣ ከወለሉ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ተጣበቀ። ለገበሬውም ከወደ ኋላው ማዕዘን አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ በሁለት ጉልቻ ላይ ጣሉለት፤ ከሥሩም አንድ የፕላስቲክ ቧንቧ ቍራጭ ግማሹን ቀበሩለት። ቤት ስጠው፣ የምትሰጠውንም ቦታ አንተው ምረጥ ብለነው ነበር። ዓሣው በሁለተኛው ቀን ገባበት። አሁን ቍልሉን የሚከምረው በዚያው ደጃፍ ነው።

እዚህ ላይ ጕዳዩ ያለቀ መስሎ ነበር። ወር ባልሞላ ጊዜ ልጃችን ፎቶግራፍ ላከ። አሸዋው እጅግ ነጭ ነው፤ ድንጋዩ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ኮራሉ ፈክቷል። የዓሣው ሆድ ግን ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ራሱ ከገላው በልጦ ይታያል። ልጁ ስለ አሸዋው ንጣት ነበር የጻፈልን። እኛ ግን በሬና በግ ስናይ ያደግን ሰዎች ነንና የከሳ ነገር አይሰወረንም።

ነገሩም ግልጽ ነው። በባሕር ወለል ላይ አንድ ጥንድ ጎቢ ሰፊ መስክ አለው፤ ዛሬ የለቀመበትን ቦታ ትቶ ነገ ወደ ሌላው ይሄዳል። በሣጥኑ ውስጥ ግን ያለው መሬት ግማሽ ካሬ ሜትር ጥቂት ቢያልፍ ነው። ይህችኑ ደጋግሞ ሲነፋት በውስጧ የነበረው ነፍስ ሁሉ አለቀ። የዚህ ዓይነት ጎቢዎች ብዙዎቹ ከተገዙ በጥቂት ወራት ውስጥ ከስተው የሚሞቱት በዚህ የተነሣ ነው፤ ሥራቸውን አጣርተው በሠሩ መጠን ጎተራቸው ይራቈታል። ያ ሁሉ ያስደሰተው ንጣት የባዶ ጎተራ ንጣት ነበር።

ለዚህ ደግሞ የመንዝ ሰው መልስ አያጣም። በጓሳ ምድር አስቦና ጌራ የተባሉት አባቶች እንዳቋቋሙት የሚነገርለት የቄሮ ሥርዓት ነበር። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል፤ ከብትም ይግጠዋል፤ ነገር ግን መስኩ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ተዘግቶ የሚቆይበት ጊዜ ነበር፤ በተዘጋበት ጊዜ የገባም ይቀጣ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ ቄሮው ቀረ፤ ዛሬም ጓሳ በማኅበረሰቡ ጥብቅ ስፍራነት ይጠበቃል። ቀይ ቀበሮውም በዚያ ፍልፈሉንና አይጡን እያደነ የሚኖረው መስኩ ዕረፍት ስላገኘ ነው። የተበላ መሬት መልሶ እንዲያፈራ አንዱ ክፍል መዘጋት አለበት።

ይህን ስንነግረው ልጃችን ሳቀና፣ «ጋሼ፣ ይህ እኮ እዚህም አለ» አለን። ከዋናው ሣጥን በታች 40 ሊትር የምትይዝ ሌላ ሣጥን አኑሮ ውሃው ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ እንዲዘዋወር አደረገ። በታችኛዋ ውስጥ እንደ ክር የተጠላለፈ የባሕር ሣር ተተከለ፤ ሌሊት ሌሊት መብራት ይበራላታል። ዓሣ አይገባባትም። ኮፔፖድ የሚባሉት፣ ከሰናፍጭ ቅንጣት የሚያንሱ ፍጥረታት በዚያ ያለ ሥጋት ይራባሉ፤ ከእነርሱም የተረፉት በውሃው ተወስደው ወደ ላይኛው አሸዋ ይደርሳሉ። እኛ «ቄሮ» ብለናታል፤ ልጆቹም ይህንኑ ስም ይዘዋል።

እውነቱን ለመናገር ግን ቄሮዋ ብቻዋን ዓሣውን አታጠግበውም፤ ይህን የሚያህል ዓሣ ከ40 ሊትር በሚወጣ ነፍሳት ብቻ ይኖራል የሚል ሰው ሒሳብ አላሰላም። ዋናው የእጅ ምግብ ነው። በበረዶ የተያዘ ጥቃቅን ሽሪምፕ ተቀልጦ፣ በረጅም ቀጭን ቧንቧ ወደ ታች ወርዶ ከዋሻው ደጃፍ በአሸዋው ላይ ይፈስሳል፤ ከላይ የተበተነውን ሌሎቹ ዓሦች ስለሚቀድሙት አይደርሰውም። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ጥቂት ጥቂት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አልነካውም ነበር፤ በአምስተኛው ቀን ከአሸዋው ጋር አብሮ ዘቀው። ጧት የምታበላው የልጃችን ሚስት ናት፤ ሁለቱ ልጆች ቀኑንና ማታውን ተካፍለዋል። ከስድስት ሳምንት በኋላ በተላከልን ፎቶግራፍ ላይ ሆዱ ተስተካክሎ አየን።

አሁን የቀረው ክርክር ስለ ትዳሩ ነው። ጎቢ በባሕር ውስጥ የሚኖረው በጥንድ ስለ ሆነ ልጆቹ ለገበሬው ሚስት ትምጣለት ይላሉ። እኛ የግማሽ ካሬ ሜትሩን ሒሳብ አስልተን ላክንላቸው፤ እናታቸውም ከእኛ ጋር ናት። አባታቸው ግን ሰፋ ያለ ሣጥን ዋጋ ሲጠይቅ እንደ ነበር ትናንት ሰምተናል።